ጅብራ ሜዳ ተዘግቷል

በደጋው ክልል ጥያቄው የሚመጣው በጥቅምት ነው፤ ውርጩ ከገባ በኋላ፣ ገብሱ ሳይታጨድ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችውና ሰዎች ጠያቂዋ የሚሏት ድምፅ ማለዳ ላይ ደህና አደራችሁ ትላለች፤ ቀጥላም ዘንድሮ ትሄዳላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ ብላ ትጠይቃለች። እሄዳለሁ ያለ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይመዘገብለታል። ብርድ ቢል፣ ሥራ ቢል፣ ሰለቸኝ ቢል ልዩነት የለውም። እቆያለሁ ያለ ሰው ግን ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች አንዱን መናገር አለበት። የዘንድሮው ምክንያት ደግሞ ለከርሞ አይሠራም፤ እንደገና ይጠየቃል።

ጅብራ ሜዳ ቀበሌ ውስጥ ስምንት ቤት ቀርቶ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ታችኛው ከተማ ወርዷል። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ካጣ ቆይቷል፤ ደወሉ ግን በየሰዓቱ ይደውላል፤ አጥፋው የተባለ ሰው የለም። መድኃኒት ማክሰኞ ማክሰኞ ድሮን ያመጣል። የየቤቱ ማሞቂያ የሚሞቀው ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥሮ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከወጣ ሙቀቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስት ጠዋት ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ይነጋገራሉ። ተነጋግሮ መውጣት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል።

ልክየለሽና ባሏ አሰጋኸኝ በዚያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ገብስና ድንች ያመርታሉ። ልጃቸው ትርሲት ታች ወርዳ አግብታለች። እስካለፈው ዓመት ድረስ ጠያቂዋ ስትመጣ መልሳቸው ቀላል ነበር። እሱ ባለቤቴ እዚህ ናት ይላል፤ እሷም ባለቤቴ እዚህ ነው ትላለች። ሁለቱም ይመዘገባል፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

በዘንድሮው ጥቅምት ግን ጠያቂዋ የመጣችው ገንፎ እየበሉ ሳለ ነው።

«ደህና አደራችሁ። አቶ አሰጋኸኝ፣ ዘንድሮ ይሄዳሉ ወይስ ይቆያሉ?»

አሰጋኸኝ የገንፎውን ጣባ ገፋ አደረገ። «እሄዳለሁ» አለ።

«ምክንያትዎን ይንገሩን።»

«ጉልበቴ። ብርዱን አልቻለም።»

«ተመዝግቧል። መልካም ጉዞ እንመኛለን። ወይዘሮ ልክየለሽ፣ ዘንድሮ ይሄዳሉ ወይስ ይቆያሉ?»

ልክየለሽ ባሏን አየችው። እሱ ጣባውን ነበር የሚያየው።

«እቆያለሁ» አለች።

«ምክንያትዎን ይንገሩን።»

ልክየለሽ እጇን ከጣባው አነሳች።

«ባለፈው ዓመት የሰጡት ምክንያት ባለቤቴ እዚህ ነው የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ከአሁን ጀምሮ አያገለግልም። ሌላ ምክንያት አለዎት?»

«አስቤ እነግርሻለሁ።»

«አማካሪ ይላክልዎታል» አለችና ጠያቂዋ ጠፋች።

ገንፎው እየቀዘቀዘ ነበር። ልክየለሽ ቅቤውን በጣቷ ጠርጋ ላሰችና «ለኔ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

«ብነግርሽ ትለምኚኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አልለምንህም።»

«እሱንም ፈራሁ» አለ።

ጉልበቱ የውሸት አልነበረም። ሌሊቱ ሲነጋ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ እያቃሰተ ሲዘረጋው ለሦስት ዓመት አይታለች። አጨዳ ላይ ተንበርክኮ ለመነሳት የሰው ትከሻ ሲፈልግ አይታለች። ሂድ ያላለችው ራሱ እንዲለው ብላ ነበር። አሁን ሲለው ግን ከፋት።

«ነይ አብረን እንውረድ» አላት። «ትርሲት ልትወልድ ነው። ቤታቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይለየውም ትላለች። ምን አለሽ እዚህ?»

ልክየለሽ ከልቧ አሰበች። መሬቱ ደህና መሬት አይደለም፤ ከሦስት ዓመት አንዱን ውርጭ ይወስደዋል። የእናቷ መቃብር እንዳትል እናቷ ያረፈችው ታች ሆስፒታል ገብታ ነው፤ የተቀበረችውም እዚያው። ብርዱንም አትወደውም። ብርድ የሚወድ ሰው አይታ አታውቅም።

«እንጃ» አለች።

«እንጃ ብለሽ ልትቀሪ ነው?»

«አዎ። እንጃ ብዬ እቀራለሁ።»

አሰጋኸኝ ከዚያ በላይ አልገፋም። ያገባት ሰው ስለሆነ ያውቃታል።

ወሬው ከሰዓት በፊት ሰባቱንም ቤት አዳረሰ። በደንቡ መሠረት አንድ ሰው ብቻውን ቤት አይባልም። ከስምንት ቤት በታች የቀረ ቀበሌ ደግሞ ይዘጋል። አሰጋኸኝ ከሄደ የልክየለሽ ቤት አይቆጠርም፤ ጅብራ ሜዳም ሰባት ቤት ትሆናለች። ልክየለሽ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ካቀረበች ግን ብቻዋንም ብትሆን እንደ ቤት ትቆጠራለች።

መጀመሪያ የመጡት አያ ድልነሳውና እህታቸው እትዬ ሽታዬ ናቸው። አያ ድልነሳው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የቀበሌው ትልቁ የበግ መንጋ የእሳቸው ነው። እትዬ ሽታዬ የደም ግፊት አለባቸው፤ ማክሰኞን የሚጠብቁት ለዚያ ነው።

«አሰጋን አስቀሪው» አሉ እትዬ ሽታዬ ገና ሳይቀመጡ። «አንቺ ካልሽው ይቀራል።»

«ይቀራል» አለች ልክየለሽ። «እትዬ፣ እኔ ስላልኩት ቀርቶ ሌሊት ሌሊት ሲያቃስት እኔ እንዴት ልተኛ?»

አያ ድልነሳው ባናቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተቀመጡና «ጉልበት ከታመመ ታመመ ነው» አሉ።

አማካሪዋ የመጣችው በሳምንቱ ነው። ሜላት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የለበሰችው ካፖርት ራሱን በራሱ የሚያሞቅ ነበር፤ እሷ ስትናገር እንፋሎት ከአንገትጌው ይወጣል። ስብሰባው ባዶው ትምህርት ቤት ውስጥ ሆነ። ትልልቆቹ ሰዎች የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

ሜላት ሰው የምታስቸግር ልጅ አልነበረችም። ልክየለሽን ከፊት አስቀምጣ ቀስ ብላ አነጋገረቻት።

«እትዬ ልክየለሽ፣ እዚህ የሚያስታምሙት ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እዚህ ብቻ የሚሠራ ሥራ?»

«ገብስ። እሱ ሌላም ቦታ ይበቅላል።»

«እንግዲህ አንድ መንገድ አለ። የቅርስ ጠባቂ የሚባል ምድብ አለ። የሱፍ ዝተት ለብሰው ቤትዎ ውስጥ ሱፍ ይፈትላሉ። ታች ያሉ ሰዎች በካሜራ ያዩዎታል። አንዳንዴም ጎብኚ ይመጣል። እሱ ተቀባይነት አለው።»

«እኔ ሱፍ ፈትዬ አላውቅም። እናቴም አትፈትልም ነበር።»

«ሥልጠና አለ» አለች ሜላት።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይታክቱ ናት ከወንበሯ የተነሳችው። ይታክቱና ባሏ ላቀው የአራት ዓመት ልጅ አላቸው፤ ልጁ ደረቱን ያመዋል።

«ልኬ፣ እሺ በያት» አለች። «እንዝርት መያዝ ምን ይከብዳል? ቀበሌው ከተዘጋ የማክሰኞው መድኃኒት ይቀራል። እኔ አንድ ቀን አላድርም፤ ይዤው እወርዳለሁ።»

ልክየለሽ ወደ እሷ ዞረች። ይህን አስባበት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበችም። «ዘንድሮ ፈታይ ነኝ እላለሁ» አለች። «ለከርሞስ ምን ነኝ ልበል? ከርሞ አንዳችን ስንሞትስ? በየዓመቱ አንዳችን እዚህ ለምን እንዳለን የሆነ ነገር ፈጥረን ልንናገር ነው? ይታክቱ፣ እኔ ምክንያት የለኝም። ሰው ቤቱ ውስጥ ለምን እንዳለ አይጠየቅም። የሚጠየቅ ካለ የሚሄደው ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ሁሉ ያልፍለታል።»

«እንደዚህ ብዬ መመዝገብ አልችልም» አለች ሜላት።

«አውቃለሁ፤ አትመዝግቢው።»

ደወሉ በዚያ መሐል ደወለ፤ ማንም ወደ እሱ አልዞረም። አያ ድልነሳው እጃቸውን አወጡ፤ ወንበሩ ሳያስቡት እንደ ተማሪ አድርጓቸው ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ከተዘጋ በኋላ እዚህ መኖር ይከለከላል?»

«አይከለከልም» አለች ሜላት። «እንደማትኖሩ ይቆጠራል እንጂ።»

«ማሞቂያው?»

«ይጠፋል። ድሮኑ አይመጣም። አውቶቡሱ ከዚህ በታች ካለው የመጨረሻ ፌርማታ ይመለሳል። ስልክም አይሠራም።»

«ጠያቂዋስ?»

«እሷም ትቀራለች። ሰው በሌለበት ቦታ ጥያቄ የለም።»

አያ ድልነሳው ወደ እህታቸው ዞር አሉ። እትዬ ሽታዬ የጎበጠ ጣታቸውን አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያውስ ዝጊያት» አሉ አያ ድልነሳው።

ሜላት ይህን መልስ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሌሎች ቀበሌዎች ውስጥ ሰው ይለምናል፣ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። ካፖርቷን ቆልፋ ተነሳች። በር ላይ ስትደርስ ለልክየለሽ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ብርዱን አይችሉትም እኮ» አለቻት። በክፋት አልነበረም። ልክየለሽም «እናየዋለን» አለቻት፤ እሷም በክፋት አልነበረም።

ከስምንቱ ቤት አራቱ ለመሄድ ወሰኑ። አውቶቡሱ በመጣበት ጠዋት ልክየለሽ የይታክቱን ዕቃ ልታግዝ ሄደች። ይታክቱ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋው ቆማ ነበር።

«አንድ ቃል ብትይ ኖሮ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ» አለቻት።

«አዎ» አለች ልክየለሽ። «እውነትሽን ነው።»

ይታክቱ ሌላ ነገር እንድትል ጠብቃ ነበር። ልክየለሽ ግን ሌላ የምትለው ስላልነበራት ሣጥኑን በአንድ በኩል አነሳች። ይታክቱ በሌላው በኩል ያዘችላት። ሲጭኑም ሲወርዱም አልተነጋገሩም።

ላቀው ሌሊቱን አልተኛም ነበር። የቀበሌውን መብራት የሚያመነጨው የነፋስ ማማ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ይዞራል፤ ከማማው ሥር ተነስቶ እስከ እትዬ ሽታዬ ቤት ድረስ ሽቦ ዘርግቶላቸው አደረ። እትዬ ሽታዬ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ማሞቂያ ነበር፤ ሰው የማይቆጥር፣ ሲሰኩት ብቻ የሚግል። ላቀው ሰክቶ አሳያቸው። ሚስቱ ለምን እንዳደረገው ጠየቀችው፤ እሱ እንዲሁ ነው አላት።

አሰጋኸኝ በዚያው አውቶቡስ ሄደ። ካፖርቱን አውልቆ ለልክየለሽ ሰጣት። «እዚያ አያስፈልገኝም» አለ። እሷም ከላይ ደረበችው፤ እጅጌው ረዘመባት። ጉንጩን ስትስመው ፂሙ ላይ ውርጭ ይዞ ነበር።

«ተናደድሽብኝ?»

«ተናድጃለሁ» አለችው። «ሂድ አሁን፤ ቆመህ እግርህን አታሳምመው።»

ከሰዓት በኋላ ጠያቂዋ በሁሉም ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረች። አገልግሎታችንን ስለተጠቀማችሁ እናመሰግናለን አለች። ማሞቂያዎቹ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ቀዘቀዙ።

የቀሩት ሰዎች ሁሉም እትዬ ሽታዬ ቤት ገቡ። ዘጠኝ ነበሩ። ቀን በየማሳቸው ይውላሉ፤ ማታ በአንድ ማሞቂያ ዙሪያ ተደርድረው ይተኛሉ። እትዬ ሽታዬ ያንኮራፋሉ። በበሶ መጠን ላይ ጠብ ተነሳ፤ አንዲት ሴት ለሁለት ቀን አኩርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ልክየለሽ የባሏን ጎን ፈልጋ በእጇ የምትዳስስበት ጊዜ ነበር። ሲነጋ ግን ተነስታ ውርጩን ከድንቹ ላይ የሚያራግፍ ጭስ ታጨሳለች። ለምን እዚህ አለሽ የሚላት ስለሌለ ጠዋቱ ቀለላት።

በኅዳር አጋማሽ ከታች አንድ ማሽን መጣ። ስድስት ጎማ አለው፤ ሾፌር የለውም። የተላከው ማማውን ነቅሎ ለታችኛው ከተማ ሊወስድ ነው። ሰዎቹ ድምፁን ሰምተው ሲወጡ ኮረብታውን መውጣት ጀምሮ ነበር።

ልክየለሽ ሮጣ ከፊቱ ቆመች። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሰው ሲያዩ እንደሚቆሙ ሁሉም ያውቃል። ይኼኛው አልቆመም። ፍጥነቱን ቀነሰና ሰፊውን ክንዱን ዝቅ አድርጎ ወገቧ ላይ አስጠጋ፤ ከመንገድ ላይ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ዳር ገፋት። አልጎዳትም። እንደገና ገብታ ቆመች፤ እንደገና ገፋት። ሦስተኛ ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች እያንሸራተተ ዳር አደረሳት። በተዘጋ ቀበሌ ውስጥ ሰው የለም ተብሎ ስለተነገረው፣ ያየው ነገር ሰው ሊሆን አይችልም።

ልክየለሽ የለበሰችው የአሰጋኸኝ ካፖርት ጭቃ በጭቃ ሆኖባት እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ ቀረች። እንደዚያ ቀን ተዋርዳ አታውቅም። ብርዱም፣ ረሃቡም፣ የባሏ መሄድም እንዲህ አላደረጋትም። ክንዱ የነካው ወገቧ ይቃጠል ነበር።

በዚያች ሰዓት የአያ ድልነሳው አንዲት በግ፣ ከመንጋው ተነጥላ አንድ የጅብራ ተክል ሥር ሣር የምትግጥ፣ ራሷን ቀና አድርጋ መንገዱን ማቋረጥ ጀመረች። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀይ መብራት አበራ። በጓ መሐል መንገድ ላይ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ሄደች። ማሽኑ መብራቱን አጥፍቶ ጉዞውን ቀጠለ።

ልክየለሽና አያ ድልነሳው ተያዩ።

የበጎቹ አንገት ላይ አንድ የሱፍ ኩባንያ ያሰረው ቀለበት ነበር። ሱፉን ኩባንያው ይገዛል፤ በጎቹንም እሱ መድን አስገብቷቸዋል። ቀበሌው ተዘግቶ ሰዎቹ ከመዝገብ ሲወጡ በጎቹን ያስታወሰ የለም። በጎቹ አሁንም መዝገብ ላይ ነበሩ።

«አያ» አለች ልክየለሽ ተነስታ፣ «መንጋው የት ነው?»

«ከወንዙ ማዶ።»

ዘጠኙም ሰዎች ሮጡ። እትዬ ሽታዬ እንኳ ዱላቸውን ይዘው በዝግታ ተከተሉ። በጎቹን እያዋከቡ፣ እየጮሁ፣ በእቅፍም ተሸክመው ወደ ኮረብታው ነዷቸው። ማሽኑ ማማው ሥር ደርሶ ክንዱን ዘርግቶ ነበር። በጎቹ ሥሩን ሲከቡት ክንዱ አየር ላይ ቀረ። ቀይ መብራቱ በራ፤ ከውስጡ አንድ ድምፅ ለእንስሳቱ ባለቤት መልእክት መላኩን፣ ባለቤቱ እስኪያነሳቸው እንደሚጠብቅ ተናገረ።

አያ ድልነሳው ጓሳ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲስቁ እንባቸው መጣ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ደግሞ የለሁም።»

መልእክቱ የተላከው ወደ ተዘጋ ቀበሌ ስለሆነ መልስ አልመጣም። ሰዎቹ ከጓሳ ገመድ ገምደው ማማው ዙሪያ በረት ሠሩ፤ ገለባ ተሸክመው እያመጡ በጎቹን እዚያው አሳደሯቸው። ማሽኑ ሁለት ሌሊት ቆሞ አደረ፤ ውርጭ ለበሰ። በሦስተኛው ቀን ክንዱን አጥፎ፣ ጎማውን አዙሮ፣ በመጣበት መንገድ ወረደ። ልክየለሽ በአጠገቡ አብራው ትንሽ ሄደች። ምንም አላለችውም። እንደሚያያት እንደማያያት ማወቅ አልፈለገችም፤ መንገዱ የእሷም ስለሆነ ነው የሄደችው።

በጥር ሌላ ማሽን መጣ፤ በጎቹን አይቶ እሱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እትዬ ሽታዬ ያለ መድኃኒት ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ አንድ ጠዋት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። እስከ ዛሬ የሚበሉት በግራቸው ነው። ወንድማቸው በቃሬዛ እናውርድሽ ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን «ከወረድኩ ምን ብዬ ነው የምመለሰው?» አሉ። ልክየለሽ ያን ቀን ውጭ ወጥታ ብቻዋን አለቀሰች። የይታክቱን ልጅም አስታወሰች።

ለፋሲካ አሰጋኸኝ መጣ። አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ስለሚመለስ ቀሪውን መንገድ በምርኩዝ እያነከሰ አንድ ቀን ሙሉ ሲወጣ ዋለ። ለእትዬ ሽታዬ ስድስት ወር የሚበቃ መድኃኒት፣ ለሁሉም ጨው፣ ለልክየለሽ ደግሞ የትርሲትን ሴት ልጅ ፎቶ ይዞ ነበር። ልክየለሽ ከማሳው ስታየው መቆፈሪያዋን ጥላ አልሮጠችም። የጀመረችውን ትልም ጨርሳ መጣችና ጫማውን አወለቀችለት፤ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አሸችው።

ሳምንት ቆየ። ጉልበቱ ታች ተሽሎት ነበር፤ ላይ ሲመጣ እንደገና አበጠ። «ልቅር» አላለም፤ እሷም «እዚሁ ቅር» አላለችውም። ማታ ማታ ከሰዎቹ መሐል ጎን ለጎን ተኝተው ስለ ሕፃኗ ያወራሉ።

«ግንቦት ላይ እወርዳለሁ» አለችው በመጨረሻው ቀን። «ልጅቷን ላቅፋት። የይታክቱንም ልጅ ማየት እፈልጋለሁ፤ የት ሰፈር እንዳሉ አጣርተህ ቆየኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እመለሳለሁ።»

ለምን ብሎ ሊጠይቃት ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። መልሶ ገጠመው። «መንገዱን በጠዋት ጀምሪው» አለ። «ከሰዓት ጉም ይወርዳል።»

አሰጋኸኝ ፌርማታው ጋ ሲደርስ አውቶቡሱ ሊነሳ ነበር። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ዕቃቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ቦታ ሰጡት። ከአውቶቡሱ ፊት ያለው ካርታ መንገዱን ከፌርማታው ወደ ታች ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ወደ ላይ ነጭ ነው።

«ከየት ይመጣሉ?» አሉት ሴትዮዋ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ እያዩ።

«ከጅብራ ሜዳ።»

«ጅብራ ሜዳ?» ሴትዮዋ ካርታውን አዩ፤ እሱን አዩ። «ተዘግቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰው አለበት እንዴ?»

አሰጋኸኝ የታመመ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋው።

«አለ» አላቸው። «ሚስቴ አለች።»